የገጠር አጥቢያና የመንደር ልማት

በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ አጠራር አብያተ ክርስቲያናት ገዳም፣ ደብርና ገጠር ተብለው በሦስት ይለያሉ። ገዳም የመነኮሳት፣ ደብር የአለቃና የብዙ ካህናት ሲሆን፣ ገጠር የሚባለው ከገበሬው ጋር አርሰው ከገበሬው ጋር የሚበሉ ጥቂት ካህናት የሚያገለግሉበት አጥቢያ ነው። ስለዚህ «ገጠር» የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ሰው አንደበት የእርሻው ሀገር ስም ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑም ስም ነው። አባቶቻችን ለሁለቱ አንድ ስም የሰጡት ቃል አጥሮአቸው አይደለም፤ የአንዱ ኑሮ ከሌላው ኑሮ የማይለይ መሆኑን ስለ ተመለከቱ ይመስለናል።

በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንወድደውም ይኸንኑ ነው። የገጠሩን ሕዝብ ኑሮ ለማሻሻል የሚነሣ ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን የርዳታ ድርጅት ወይም ቤተ ክህነት፣ ሥራውን መጀመር ያለበት ሕዝቡ ራሱ ካቆመው ኅብረት ነው፤ ያም ኅብረት በደጋው ሀገራችን በአብዛኛው በአጥቢያው ዙሪያ የተሠራ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ግን ለእኛ ለካህናት ምስጋና ብቻ ሳይሆን ዕዳም ይሆንብናል። ኅብረቱ ቢጸና የምንጠቀም፣ ቢላላም የምንጠየቅ እኛ ነንና።

አስቀድሞ መንደር ማለት ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። መንደር ሲባል ብዙ ሰው በዐይነ ልቡናው የሚያየው ቤት ከቤት ተጠጋግቶ የተሠራበትን፣ መንገድና አደባባይ ያለውን ሥፍራ ነው። በደጋው ሀገራችን ግን ገበሬው በብዛት እንዲህ አይኖርም። ሦስት አራት ቤት ከአንድ ጉብታ ላይ ይታያል፤ ሌላ አምስት ስድስት ቤት ከወንዙ ማዶ በባሕር ዛፍ ተከልሎ ይገኛል፤ በመካከላቸው እርሻና ግጦሽ አለ። እንግዳ ሰው ቢመለከተው አንዱ ከሌላው ጋር ጉዳይ የሌለው፣ የተበታተነ ሕዝብ ይመስለዋል። ነገር ግን ከእነዚህ ቤቶች የአንዱን ባለቤት «የየት ሀገር ሰው ነህ?» ብሎ ቢጠይቀው የታቦቱን ስም ይጠራለታል፤ «የእገሌ ጊዮርጊስ ሰው ነኝ»፣ «የእገሌ ማርያም ሰው ነኝ» ይለዋል። የተበታተኑትን ቤቶች አንድ ሀገር ያደረጋቸው መንገድ ወይም ገበያ ሳይሆን አንድ ደጀ ሰላም መሆኑን የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆበን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ የገበሬው ዋነኛ የአካባቢ ማኅበረሰብ አጥቢያው መሆኑን ጽፎአል። የገጠር ቄስ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልገውም፤ ሆኖም ከሩቅ የመጣው ያስተዋለውን እኛ ከቅርብ ሆነን ስንዘነጋው መገኘታችን ያሳዝናል።

የአጥቢያው ሰው የተሳሰረበትን ገመድ እንመልከት። ከሁሉ የሚጠብቀው የቀብር ጉዳይ ነው። ከጉብታ ላይ ሆኖ የሚጣራው ሰው ድምፅ በተሰማ ጊዜ ገበሬው የጠመደውን በሬ ፈትቶ ይመጣል፤ ወጣቱ መቃብር ይቈፍራል፤ ሴቶቹ ለኀዘንተኛው እንጀራ ይዘው ይደርሳሉ። ይህ ማኅበር በብዙ ሥፍራ እድር፣ በወሎ ደግሞ ቅሬ ይባላል፤ በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ የሚተሳሰቡበት ሀገር ብዙ ነው። ቀጥሎ ሰንበቴው አለ፤ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ያመጣው ዳቦና ጠላ ተባርኮ ይቀርባል፤ ከማኅበርተኛው ሌላ ነዳያንና መንገደኛ ይመገቡበታል። ጽዋ ማኅበሩም በየወሩ በቅዱሳን ስም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ሙሴው የቀረውን ለምን እንደ ቀረ ይጠይቃል፤ የተጣሉትም ሳይታረቁ በአንድ ጽዋ መጠጣታቸው ነውር ስለ ሆነ ማኅበሩ ሳይጠሩት የሚሰበሰብ የእርቅ ሸንጎ ነው።

በሥራው በኩል ያለው ትስስር ከዚህ አያንስም። ወንፈል የሚባለው ሒሳብ ያለው መረዳዳት ነው፤ ዛሬ አንተ እኔ ዘንድ አንድ ቀን ትውላለህ፣ ነገ እኔ አንተ ዘንድ አንድ ቀን እውላለሁ። ደቦ ግን፣ በአንዳንድ ሀገር ጅጌ የሚሉት፣ ባለቤቱ ምግብና መጠጥ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው የሚጠራበት ነው፤ ብድር መመለስ የማይችሉት አረጋዊና መበለት እህላቸው የሚታጨድላቸው በዚህ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለውም ሰው እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባና ሁለቱም በየተራ ያርሳሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሸክማቸውን እንዲሸካከሙ ካዘዘ በኋላ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል (ገላ. 6፥2፤ 6፥5)። በከተማ ተቀምጦ ለሚያነብብ ሰው ሁለቱ ቃሎች የሚጋጩ ይመስላሉ። መቀናጆ የገባ ገበሬ ግን አይጋጩበትም፤ የራሱን በሬ የማይመግብ ሰው የጎረቤቱ ቀንበር ሊሸከምለት እንደማይችል ያውቃልና።

ስለ ኅብረታችን ይህን ስንናገር ሁሉ ያማረ አድርገን ለማሳየት አይደለም። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ባሳተመው መጽሐፉ፣ የአማራ ገበሬ ለራሱ የሚያደላና ለሰፊ የጋራ ሥራ የማይፈጥን ነው ብሎ ተችቶአል። ነቀፌታውን በሙሉ አንቀበለውም፤ በሙሉም አንጥለውም። ለቀብር በሬውን ፈትቶ የሚመጣው ሰው የጋራውን መንገድ ለመጥረግ ሲጠሩት ምክንያት የሚያበዛ መሆኑን ማን ይክዳል? ደግሞም ኅብረቱ ሁሉን እኩል አያቅፍም። ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ፣ ኩታውን የሚሸምንለትን ሸማኔ፣ ምጣዱንና ጋኑን የምታበጅለትን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ፣ ከማኅበሩም የሚያርቅ አጥቢያ ገና አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በአንዳንድ ሰንበቴ ቤት ዛሬም ይሰማል። ድንኳን ሰፊውን ጳውሎስን ሐዋርያ አድርጎ የሚያከብር ሰው ሸማኔውን መናቁ በምን ሊፈታ ይችላል? ይህን የማረም ሥልጣን ከካህን በቀር ለማንም አልተሰጠም፤ ሰውየው በመስቀል የሚባረከው በእኛ እጅ ነውና።

እንግዲህ ጉድለቱም እያለበት ያለው ኅብረት ይህ ነው። ይህን ሳያዩ ለገጠሩ ሕዝብ በጎ እናደርጋለን ብለው የተነሡ ሰዎች ምን እንደ ገጠማቸው በቅርብ ዘመን ታሪካችን ተጽፎአል። በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ ተጀምሮ በ1978 ዓ.ም. ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር የተስፋፋው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ ከየቀዬው አንሥቶ በአዲስ መንደር አስፍሮ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ሲሰሙት ክፉ አይደለም፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ከተቀመጠ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ንጹሕ ውኃ በቀላሉ ይደርሰዋል የሚል ነበር። በመሐንዲስ ገመድ መስመር ተሰመረ፤ ጐጆው ሁሉ በሰልፍ ቆመ።

ነገር ግን ገበሬው የጓሮውን ጎመንና ጌሾ ትቶ መጣ። እርሻው ከቤቱ ራቀ፤ ቀድሞ የከብቱን ፍግ ከበረት አውጥቶ ወደ ጓሮው ይበትን የነበረው ሰው አሁን ፍጉን ተሸክሞ የሚወስድበት ጕልበት አጣ። ሰብሉን ከዝንጀሮና ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ማለዳ ሩቅ መንገድ ይሄድ ጀመር። ለአንድ ጐጥ የሚበቃው ማገዶና ግጦሽ ለብዙ ጐጥ አልበቃም። ይህ ሁሉ በዐይን የሚታይ ጉዳት ነው፤ በዐይን የማይታየው ግን ከዚህ ይከፋል። ወንፈል የሚገባው ከማን ጋር እንደ ሆነ ያውቅ የነበረ ሰው ከማያውቀው ጋር በአጥር ተዋሰነ፤ ማኅበሩ ተበተነ፤ ሰንበቴው የሚዞርበት ተራ ጠፋ። የተባለውም ትምህርት ቤትና ክሊኒክ በብዙው መንደር ሳይሠራ ቀረ። ከዚህ በኋላ በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ የኢኮኖሚ መመሪያውን በለወጠ ጊዜ ብዙው ሕዝብ ማንም ሳያዝዘው ቤቱን አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ሣሩን ተሸክሞ ወደ ጥንት ቀዬው ተመለሰ።

እኛ ይህን የምናነሣው ያለፈውን መንግሥት ለመውቀስ ስንል አይደለም፤ ወቃሹ ብዙ ነው። የምናነሣው በስሕተቱ ውስጥ ያለው አሳብ ዛሬም ያልሞተ ስለ ሆነ ነው። አሳቡም ይህ ነው፦ ገበሬው የተበታተነ ነው፤ የሚሰበስበው እኛ ነን፤ ማኅበር የለውም፤ ማኅበር የምንሰጠው እኛ ነን።

ይህ አሳብ በትናንሽ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት በብዙ ወረዳ የሚያጋጥመውን የውኃ ጉድጓድ መመልከት ይበቃል። ጉድጓድ ተቈፍሮ የእጅ ፓምፕ ይተከላል፤ በምረቃው ቀን ንግግር ይደረጋል፤ የውኃ ኮሚቴ የሚባሉ ሰዎች በጭብጨባ ይመረጣሉ። ከጥቂት ዘመን በኋላ ከፓምፑ ውስጥ አንዲት ጎማ ታልቃለች። ለመግዣዋ ገንዘብ አልተሰበሰበም፤ የተሰበሰበ ቢኖርም በማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ጥንቱ ምንጭ ይመለሳሉ፤ ፓምፑም ለከብት ማሰሪያ ይሆናል። በዚያው አጥቢያ ግን እድሩ በየወሩ ገንዘብ ሲሰበስብ ኖሮ ድንኳን ገዝቶአል፤ ብረት ድስት ገዝቶአል፤ ከአንድ ቤት ሳሕን ቢጐድል እንኳ በማግሥቱ ይታወቃል። ገንዘብ መጠበቅ የሚያውቅ ሕዝብ ጎማ መግዛት እንዴት ተሳነው? መልሱ ቀላል ነው፤ ፓምፑ የእርሱ ሆኖ አልተሰጠውም። ለእድሩ ዳኛ፣ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለደብሩ ገበዝ አስቀድሞ ምክር አልተጠየቀም። ኮሚቴውን ያቆመው እንግዳ ሰው ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ኮሚቴውም ሄደ። ስለዚህ በአጥቢያችሁ ውኃ ለማውጣት የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ ካህናት ሆይ፣ በምረቃው ቀን ለቡራኬ እስክትጠሩ አትጠብቁ፤ ጉድጓዱ ሳይቈፈር ሰውየውን ወደ እድሩ ስብሰባ ውሰዱት። በአጥቢያው እስላሞች ቢኖሩ እነርሱም ይጠሩ፤ ውኃ ለሁሉ ነውና።

በዚህ ላይ ዘወትር የሚነሣ አንድ ክስ አለ፤ የበዓላት ብዛት እርሻን ያሰናክላል የሚል ነው። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ሁለት ወገን አለው። በመጀመሪያ፣ ሞፈር የማይነካበት ቀን ሥራ የማይሠራበት ቀን አይደለም። እድሩ የሚሰበሰበው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የድንበር ጠብ የሚፈርደው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የመንግሥትም ሠራተኛ ስለ ክትባትና ስለ ማዳበሪያ ለሕዝብ የሚናገረው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። ያ ቀን ባይኖር ይህ ሁሉ በየትኛው ቀን ይሆን ነበር? ሁለተኛው ወገን ግን ወደ ራሳችን የሚመለከት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታዘዙት ሰንበታትና በዓላት የታወቁ ናቸው፤ በየአካባቢው ግን በረዶ እንዳይመታ፣ ተምች እንዳይወርድ እየተባለ በልማድ የተጨመሩ ቀኖች አሉ። በመኸር ጊዜ እህሉ ደርሶ ዝናም ሲያስፈራራ ሥርዓቱ ያላዘዘውን ቀን በፍርሃት የሚያከብር ገበሬ ሲጠይቀን፣ «እንደ ልማድህ አድርግ» ብሎ ማለፍ ትምህርት አይደለም። የታዘዘውን ከተጨመረው ለይቶ መንገር ግዴታችን ነው። ለይተን ያልነገርን እንደ ሆነ ሌላ ሰው መጥቶ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስጥለዋል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የተዝካር ነገር ነው። ስለ ሙታን መጸለይና መመጽወት የቤተ ክርስቲያናችን የጸና ትምህርት ነው፤ ይህን የሚነካ ቃል ከእኛ አይወጣም። ነገር ግን ጸሎቱና ምጽዋቱ በብዙ አጥቢያ ወደ ታላቅ ግብዣ ተለውጦ የድኻውን ቤት የሚያራቍት ሆኖአል። ነገሩን በበሬ እንመዝነው። ጥንድ በሬ ያለው ሰው ራሱን የቻለ ገበሬ ነው። ባሉ ሞቶበት ወይም አባቱ ሞቶበት ለአርባው አንዱን በሬ ቢያርድ መቀናጆ ፈላጊ ይሆናል። ለሙት ዓመቱ ደግሞ ሁለተኛውን ቢሸጥ መሬቱን በሬ ላለው ሰው ለእኩል ሰጥቶ የምርቱን ከፊል ይጠብቃል። በሦስተኛው ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ቤት ድርቅ ሳይመጣበት፣ ጠላት ሳይዘርፈው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ድግስ ወደቀ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ እኛ የት ነበርን? በድንኳኑ ውስጥ በክብር ሥፍራ ተቀምጠን ነበር። የቀረበልንን ማዕድ ባርከን በላን፤ «ይህ በሬ ጥንዱ የት አለ?» ብለን ግን አልጠየቅንም። ሌላው ሰው ስለ ተዝካር ቢናገር ስስታም ወይም መናፍቅ ይባላል፤ የንስሐ አባት ቢናገር ግን ይሰማል። ፍትሐቱ ይፈታ፤ ቅዳሴው ይቀደስ፤ ከተቻለ ጥቂት ቍና እህል ለነዳያን ይሰጥ፤ በሬው ግን በቀንበሩ ሥር ይቈይ ብሎ የሚናገር አንድ ቄስ በአጥቢያው የሚያደርገው ልማት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ከራሱ ማዕድ ጥቂት እንደሚጐድልበት እናውቃለን፤ ቃሉን የሚያሳምነውም ይኸው ነው።

መጽሐፈ ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ቅጥር መሠራት ሲተርክ በመጀመሪያ የሚያነሣው ሊቀ ካህናቱን ኤልያሴብን ነው፤ ከወንድሞቹ ካህናት ጋር ተነሥቶ የበጎችን በር ሠራ (ነህ. 3፥1)። ከእነርሱ በኋላ ሌላው ሕዝብ እያንዳንዱ ብዙውን ጊዜ በየቤቱ አንጻር ያለውን ክፍል ያዘ። የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎች ግን አንገታቸውን ለሥራው ዝቅ እንዳላደረጉ በዚያው ምዕራፍ ተጽፎባቸዋል (3፥5)። ነህምያ ቅጥሩን ያሠራው አዲስ ማኅበር አቋቍሞ አይደለም፤ ሰውን በየቤተ ሰቡና በየሠፈሩ እንደ ነበረ አሰልፎ ነው። ይህ ሥርዓት ለገጠር አጥቢያ ሩቅ አይደለም፤ በደቡብ ጎንደር ደን ላይ የተሠራው ሥራ ይመስለዋል፤ እርሱንም እንግለጥ።

በሰሜኑ ደጋ የጥንት ጫካ ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ተሰብስበው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ነው። ይህን ደን በሰፊው ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት 168 ዐይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መቍጠራቸውን ጽፈዋል። በዚያው ጥናት ከታየው ነገር ዋናው ግን ከብት በሚገባበት ደን የሚበቅለው ችግኝ እየተበላና እየተረገጠ የሚያልቅ መሆኑ ነው። ሽማግሌው ዛፍ ቆሞአል፤ ወራሽ ልጅ ግን የለውም። ከዚህ በኋላ በብዙ አጥቢያ ገበሬዎች ለእርሻቸው ዕንቅፋት የነበረውን ድንጋይ ለቅመው አምጥተው በዐጸዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ካቡ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ለግንቡ ከውጭ የተገኘ ርዳታም ነበረበት፤ ድንጋዩና ጕልበቱ ግን የአጥቢያው ነው፤ ስለዚህም የሚጠብቀው አላጣም። ደኑ የሚጠቅመው ለጥላ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ ለጠበልም ለመጠጥም ነው፤ ንቡ ከአበባው ይቀስማል፤ ለችግኝ የሚሆነው የሀገር በቀል ዛፍ ዘርም ከዚያ ይለቀማል። አንዳንድ አጥቢያ ለገንዘብ ሲል ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ መትከሉን አንነቅፍም፤ ጣሪያ የሚከደንበት ቆርቆሮ በጸሎት ብቻ አይገዛም። ነገር ግን ለባሕር ዛፉ ቦታ ለማስለቀቅ ወይራውን የሚቈርጥ ሰበካ ጉባኤ የአባቱን በሬ ለአንድ ቀን ድግስ ካረደው ልጅ አይሻልም።

የካህኑና የገበሬው ኑሮ አንድ መሆኑን በመጀመሪያ ተናግረናል። ይህ አንድነት ቀድሞ በመሬት ይገለጥ ነበር፤ ካህናቱ ስለ አገልግሎታቸው የሰሞን መሬት ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያንም ራሷ ባለ ጭሰኛ እንደ ነበረች ልንሸሽገው አይገባም፤ በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ተቋቍሞ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ምርቱን ባበዛ ጊዜ ባለ መሬቶች ትራክተር አምጥተው ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ሲያስለቅቁ፣ ስለ ጭሰኛው በድፍረት የተናገረ የቤተ ክህነት ድምፅ ጐልቶ አልተሰማም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያኗም መሬት ዐብሮ ሄደ። ቢያንስ 20 ጋሻ ያህል መሬት በያዘ ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ካህኑም እንደ ማንኛውም ገበሬ ከዚያ ድርሻውን ተቀብሎ ማረስ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚተዳደረው በገበሬው አሥራትና በካህኑ በራሱ ወዝ ነው።

ስለዚህ የመንደሩን ኑሮ ለመለካት ለሚፈልግ ሰው እኛ አንድ መለኪያ እንሰጠዋለን፤ የተማሪው አኩፋዳ ነው። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም አኩፋዳው በስንት ቤት ይሞላል? በአሥር ቤት የሚሞላ ከሆነ በዚያ ሀገር ዜማ ቤቱም ቅኔ ቤቱም ይቆያል። ሃያ ቤት ዞሮ ሳይሞላ ከተመለሰ ግን፣ የሕዝቡ ልግስና ስላነሰ አይደለም፤ በሞሰቡ ውስጥ ያለው ስላነሰ ነው። የኔታው እዚያው ይቀራሉ፤ ተማሪዎቹ ይበተናሉ። የዛሬው ተማሪ ደግሞ የሚበተነው ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሳይሆን ወደ ከተማ ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ድልድል በኋላ የተወለደ ልጅ የሚያርሰው ከአባቱ ማሳ ተቈርጦ የሚሰጠውን ነው፤ አባቱ አራት ወንድ ልጅ ቢኖረው ከማሳው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ለአንድ ቤት ቀለብ አይበቃም። ዲያቆኑ ክህነቱን ይዞ ለዘበኝነትና ለግንበኛ ረዳትነት ይወጣል።

የዚህ መጨረሻው የት እንደሚደርስ ካህናት ታውቁታላችሁ። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይቀደስም፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ቀሳውስቱ ቤት ንብረት ያላቸው ናቸውና ይቆያሉ፤ የሚጠፉት ዲያቆናቱ ናቸው። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ መጥቶ ቆሞ፣ መገበሪያው ተዘጋጅቶ፣ ልዑካኑ ስላልተሟሉ በኪዳን ብቻ የሚመለስበት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለ። እንዲህ ላለው አጥቢያ የበሬና የጉድጓድ ጉዳይ «ሥጋዊ ነገር» ነው ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል?

የዲያቆናት መሾም ምክንያቱ ራሱ ምን እንደ ነበረ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይነግረናል። መበለቶች በየቀኑ ከሚሰጠው ምግብ ተጓደለባቸው ተብሎ የተነሣ ማጕረምረም ነው። ሐዋርያት ነገሩን ዝቅ አድርገው አልተመለከቱትም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው እጃቸውን ጫኑባቸው። ከእነዚህም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ነው። ከማዕድ የተነሣ መዓርግ ዛሬ በማዕድ ማጣት ሲጐድል እያየን ዝም ማለት አይገባንም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በውኃ፣ በደንና በጤና ብዙ ሠርቶአል፤ ነገር ግን አንድ ኮሚሽን ለሁሉ አጥቢያ አይደርስም፤ እንዲደርስም መጠበቅ ሌላውን የእንግዳ ኮሚቴ መጠበቅ ነው። አጥቢያው ራሱ የሚጀምርበት ቦታ አለው። ልዑካን ጐድለው ቅዳሴ በታጐለበት እሑድ ሕዝቡ ሳይበተን ወደ ሰንበቴው ቤት ይግባ፤ የጐደለውም ዲያቆን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ወዴትና ለምን እንደ ሄደ በግልጥ ይጠየቅ። አባቱ ስንት በሬ ነበረው? አሁንስ ስንት አለው? የጐደለው በበሽታ ነው ወይስ በድግስ? መቀናጆ የሚሆነው ሰው በዚህ ቤት ውስጥ ይገኛልን? ማኅበሩ ከሣጥኑ ለአንድ ወይፈን ብድር መስጠት ይችላልን? ብድሩስ በስንት መኸር ይመለሳል? ይህ ጥያቄና መልስ በመዝገብ ይጻፍ፤ በሚመጣው ወር ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሙሴው መዝገቡን ገልጦ ከዚያው ይጀምር።